የድሮ የግድግዳ ወረቀት፦ አልላጥ ሲል፣ ግድግዳውን ይዞ ሲወርድ፣ ቀለም ሲቀቡት ሲነፋ

ጎንደር ውስጥ «የግድግዳ ወረቀት» ሲባል አንድ ዓይነት ነገር ማለት አይደለም። በቆዩት ጭቃ ቤቶች በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ጋዜጣ ታገኛላችሁ፤ አዲስ ዘመን በአዲስ ዘመን ላይ ተደራርቦ፣ ከላይ አበባ ያለበት ወረቀት ለብሶ። በልስን ቤቶች ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚመታ የግድግዳ ማለስለሻ) ላይ የተለጠፈ ቪኒል (ፊቱ ፕላስቲክ የሆነ ወረቀት) አለ። አሁን አሁን ደግሞ ጀርባው ሙጫ ያለው ተጣባቂ ፕላስቲክና ጡብ አስመስለው የሠሩት ፎም በየቤቱ ገብቷል።

ቀለም ቀቢ ስትጠሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «እንላጠው ወይስ ከላዩ እንቀባው?» ብሎ ነው። እሱን ከመመለሳችሁ በፊት ከበስተጀርባ ያለው ግድግዳ ምን እንደሆነ እወቁ። ከቁምሳጥን ጀርባ መዳፍ የሚያህል ቦታ በካተር ቆርጣችሁ አንሱ። ጭድ ከታየ ጭቃ ነው። ጣታችሁን ስታሹበት ነጭ ዱቄት ከያዘ ስቱኮ፣ ጀሶ ወይም የኖራ ቅብ ነው። ግራጫና ጠንካራ ከሆነ ሲሚንቶ ነው። ቀጥሎ በጣት መገጣጠሚያ ግድግዳውን ቆርቆር አድርጉ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ልስኑ ለቋል ማለት ነው፣ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

ውሃ ከመንካታችሁ በፊት የክፍሉን ብሬከር አውርዱ። እርጥብ ግድግዳና ሶኬት አብረው አይሄዱም። መብራት ስለጠፋ ብቻ ተማምናችሁ አትጀምሩ፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ውሃ ይረጫል፣ ወረቀቱ ግን አይርስም

ውሃው ተንከባልሎ ወለል ላይ ከወረደ ፊቱ ቪኒል ነው ወይም አንድ ጊዜ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ውሃ ወደ ሙጫው መድረስ አልቻለም። ቪኒል ከሆነ ከጥግ አንስታችሁ ላዩን ብቻ በደረቁ ሳቡት፤ ብዙውን ጊዜ ስስ ወረቀት ከኋላው ትቶ ይነሳል። የዘይት ቀለም ከሆነ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ቧጨር ቧጨር አድርጉት። በቢላዋ መተልተል ግን አይመከርም፤ ስቱኮው ላይ የሚቀረው ጭረት ቀለም ከተቀባም በኋላ ይታያል።

የቀረውን ወረቀት ለብ ባለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በስፖንጅ አርሱት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዉት፣ እንደገና አርሱት፣ ከዚያ ሰፊ ስፓቱላ አስተኝታችሁ ግፉ። የሚቸኩል ሰው ስፓቱላውን ያቆመዋል፤ ያኔ ነው ግድግዳው የሚቆፈረው። በአንድ ጊዜ ሙሉ ግድግዳ አታርሱ፣ ክንድ በክንድ ሂዱ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ለጀሪካኑም ይበጃል።

ወረቀቱ ሲነሳ ግድግዳው አብሮ ይወርዳል

ጎንደር ላይ በጣም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ መፍትሄያቸውም ይለያያል።

አንደኛው፣ ስቱኮው ከመጀመሪያውም አልያዘም፤ አቧራ ሳይጠረግ ወይም ዱቄት በሚተፋ የኖራ ቅብ ላይ ተቀብቷል። የወረደው ይውረድ። የላላውን ሁሉ ፍቃችሁ አውጡ፣ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መያዣ ቅብ) ቀቡ፣ ከዚያ በስቱኮ ሁለት ስስ እጅ ሙሉ። አንድ ወፍራም እጅ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ጭቃ ቤት ነው። ጭቃን በውሃ ማራስ ማለት ወደነበረበት መመለስ ማለት ነው። ጋዜጣው ለዓመታት ልስኑን እንደ ፋሻ አስሮ ይዞት ኖሯል፤ አንድ ሽማግሌ ቀቢ ለቤቷ እመቤት «እትዬ፣ ወረቀቱን ተይው፤ ቤቱን ያቆመው እሱ ነው» ሲሉ ቀልድ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ስፖንጅና ባልዲ አይገቡም። በራሱ የተነሳውን ብቻ በእጅ ሳቡ፣ ጠርዙን በካተር ቁረጡ፣ የያዘውን ተዉት። በግድ መነሳት ካለበት በመርጫ ጠርሙስ እፍ እፍ አድርጋችሁ ወረቀቱ ብቻ እርጥበት እንዲይዝ አድርጉ፤ ጭቃው ከጠቆረ በዝቷል ማለት ነው፣ አቁሙ። የተቦረቦረውን የጤፍ ጭድ ገብቶበት ጥቂት ቀናት በተቦካ ጭቃ ሙሉት። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁን በቀጭን ጭቃ ድገሙት። ሲሚንቶ አትለጥፉበት። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ ጭቃ ደግሞ ከእርጥበት ጋር ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ አንድ ሁለት ክረምት ሲያልፍ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ጋዜጣው ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ላላ ያለውን ጠርዝ በባትሪ እዩ። ትኋን ከወረቀት ጀርባ መደበቅ ይወዳል። ጥቋቁር ነጠብጣብ ካያችሁ የተላጠውን ወረቀት ክፍል ውስጥ አትከምሩት፤ ወዲያው ከረጢት ውስጥ አስራችሁ አውጡ።

ተጣባቂው ቀለሙን ይዞ ይነሳል ወይም ሙጫውን ትቶ ይሄዳል

ሙጫው ቀለሙን የያዘበት ኃይል ቀለሙ ግድግዳውን ከያዘበት በልጧል። በፀጉር ማድረቂያ አንድ ስንዝር ያህል አሙቁ፣ ከላይ ጥግ ጀምራችሁ ወደራሱ አጥፋችሁ በዝግታ ሳቡ። ወደ እናንተ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው ቀለሙን የሚነቅለው።

የቀረውን ሙጫ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሞክሩ። የምግብ ዘይት የሚመክሩ አሉ፤ ሙጫውን ያለሰልሳል፣ ነገር ግን ስቱኮ ዘይቱን ይጠጣዋል፣ በኋላም ቀለም አይዝም። አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በጨርቅ ጫፍ ይሠራል። መስኮት ክፈቱ፣ ከሰል ምድጃ ከክፍሉ አውጡ፤ የዚያን ቀን ቡናው ውጭ ይፈላ። ቤንዚን ፈጽሞ አይታሰብም።

ፎም ከሆነና በማስቲሽ ከተለጠፈ በንጹሕ አይነሳም። በረጅም ቢላዋ ገምሳችሁ አውጡ፣ የቀረውን ፍቃችሁ ስቱኮ ምቱበት።

ወረቀቱ ተነሥቶ ቀለም ከተቀባ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል

ግድግዳው ላይ ሙጫ ቀርቷል። ሙጫ በዓይን አይታይም፣ ለዱቄት ሙጫ ግን ቀላል መፈተሻ አለ፦ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አዮዲን በውሃ አቅጥናችሁ አንድ ጠብታ አድርጉ። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለ፣ ስለዚህ እጠቡ። ቡናማ ሆኖ ከቀረ ከዱቄት ሙጫ ጸድቷል። ፈተናውን ጥግ ላይ አድርጉት፣ አዮዲኑ ራሱ እድፍ ነው።

ከወረቀቱ ላይ የተቀባው ቀለም ተነፋ

ፕላስቲክ ቀለም ውሃ አለው። ውሃው የቆየውን ሙጫ ያነቃዋል፣ ወረቀቱም ይለጠጣል። ሲነፋ አትደንግጡ፣ አትጫኑትም፤ ብዙው ሲደርቅ ተመልሶ ይተኛል። እስከ ማግስቱ ካልተኛ በምላጭ ቀድዳችሁ፣ ኮላ በቀጭን ብሩሽ አስገብታችሁ፣ ተጫኑት። ከላዩ ለመቀባት ከወሰናችሁ የመጀመሪያው እጅ ዘይት መሠረት ያለው ፕራይመር ይሁን፤ ውሃ አያስገባም፣ የአበባውን ቀለምና የድሮውን እድፍም ያግዳል። ይህን ሳታደርጉ አራት እጅ ፕላስቲክ ብትቀቡ እንኳ ቀዩ አበባ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። መጋጠሚያው መስመር እንዳይታይ ከፕራይመሩ በኋላ ስቱኮ ስስ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ።

ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ወረቀቱ በደንብ ለያዘ፣ ደረቅ ግድግዳ ነው። ለጭቃ ቤት ግን አልመክረውም፤ የዘይት ሽፋን እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል።

ከወረቀቱ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ወጣ

ወረቀት መቀየር መፍትሄ አይደለም፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ከላይ የሚወርድ እድፍ ከሆነ የቆርቆሮው ሚስማር ወይም አሸንዳው ነው። ከወለል እስከ ጉልበት የሚደርስ ከሆነ ከመሠረቱ እየወጣ ነው፤ የግቢው አፈር ከወለሉ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎት እንደሆነ ተመልከቱ። ጥርጣሬ ካለ ግልጽ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ ሁለት ቀን ተዉት፦ ጠሉ በክፍሉ በኩል ካለ ከእንፋሎትና ከአየር እጦት ነው፣ በግድግዳው በኩል ካለ ከግድግዳው ነው።

ሻጋታውን በውሃ በቀጠነ በረኪና ጥረጉ፣ ጓንት አድርጉ። በረኪናን ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ድንጋይና ኖራ በሆነ ግድግዳ ላይ ፕላስቲክ መልሳችሁ አትለጥፉ። የፋሲል ግንብ እንኳ ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራ እርጥበት ሲገባበት መልሶ ያስወጣል። ነጭ የኖራ ቅብ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ከሁሉም ቀለም ይበልጣል፣ ርካሽም ነው።

መቼ ይሠራ?

ለእንቁጣጣሽ ቤት ማደስ የቆየ ልማድ ነው፣ ጳጉሜ ግን ለዚህ ሥራ ክፉ ጊዜ ነው፤ ግድግዳው የክረምቱን ውሃ ገና አልተፋም። ከጥቅምት በኋላ ጀምሩ። ለጥምቀት እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ ኅዳር ላይ ላጡ፣ ጭቃውና ስቱኮው በታኅሣሥ ፀሐይ ይድረቅ፣ ቀለሙ ከገና በፊት ተቀብቶ ይለቅ።

አይላጥም፣ አይቀባምም

ይሸፈን። ቀጥ ላለ ልስን ጂፕሰም ቦርድ አለ። ለተጎበጠው ጭቃ ግድግዳ ቀጭን ሞራሌ (የተሰነጠቀ እንጨት) መትታችሁ አቡጀዲ ወጥሩበት፤ ከኋላው አየር ስለሚያልፍ ግድግዳው አይታፈንም። ጨርቅ በግድግዳ ላይ ለጎንደር እንግዳ አይደለም፤ ከጎንደር ዘመን የቆዩት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ብዙዎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። የኪራይ ቤት ከሆነ ሞራሌውን ከመምታታችሁ በፊት አከራያችሁን አስፈቅዱ፤ ሚስማር ጭቃ ውስጥ የሚተወው ጉድጓድ ከሚታሰበው ሰፊ ነው።