ካርቱን ስለሆነ ብቻ አትክፈቱ፦ ፊልም ለልጅ መሆኑን እንዴት ማጣራት ይቻላል

ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። ካርቱን ነው ብዬ ከፈትኩላትና ወጥ ልሠራ ገባሁ። ፖስተሩ ላይ የሚስቁ እንስሳት አሉ፣ ደረጃውም ፒጂ ይላል። ስመለስ ሶፋው ላይ ኩርምት ብላ ታለቅሳለች። የግልገሉ እናት ሞታለች። እኛ ደግሞ አያቷን ከቀበርን ሦስት ወር አልሞላንም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ «እማ፣ አንቺም ትሞቻለሽ?» እያለች እጄን ይዛ ነው የተኛችው። ከዚያ ወዲህ ሳላጣራ ከፍቼ አላውቅም፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው።

መጀመሪያ ደረጃውን እዩ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፊልሞቻቸውን በደረጃ ይከፍላሉ። ጂ ለሁሉም ነው፣ ፒጂ ወላጅ ይወቀው ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጨመረው ፒጂ-13 ደግሞ ልጁ 13 ካልሞላ ጠንቀቅ በሉ ይላል። ለትልልቆች የሚሆኑትን አር እና ኤንሲ-17ን እርሷቸው። ከደረጃው ሥር በትንንሽ ፊደል የሚጻፈውን ምክንያትም አንብቡ፣ ከፊደሉ ይልቅ እሱ ይጠቅማል። በጣም ጸያፍ የሚባለው የእንግሊዝኛ ስድብ አንዴ ተሰምቶ እንኳ ፊልሙ ፒጂ-13 ሆኖ ሊያልፍ ይችላል።

ዋናው ሥራ ቀጥሎ ያለው ነው። አይኤምዲቢ (IMDb) በሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ የፊልሙን ስም ፈልጉና «ፓረንትስ ጋይድ» (Parents Guide፣ የወላጆች መመሪያ) የሚለውን ክፈቱ። አምስት ክፍል አለው፦ ወሲብና እርቃን፣ ድብድብና ደም፣ ስድብ፣ መጠጥና ሲጋራ፣ መጨረሻ ላይ አስፈሪና ከባድ ትዕይንቶች። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን አይተን እንዘጋዋለን። ቤታችንም እንደዚሁ ነን፤ ሰው ሲሳሳም ሪሞት ፍለጋ እንራወጣለን፣ ሰው ሲታረድ ግን ልጆቹን አቅፈን እናያለን። እኔ የተሳሳትኩት አምስተኛውን ሳላነብ ነው።

እሱን ስታነቡ የራሳችሁን ልጅ አስቡ። ውሻ ይፈራል? ከእናቱ ተለይቶ ያውቃል? ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ? የአራት ዓመት ልጅ መልኩ የሚያስፈራ ነገር ይበቃዋል፣ ጭራቁ ደግ ቢሆን እንኳ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጭራቁን ይስቅበትና ሌባ ቤት ሲገባ ወይም ልጅ ሲታፈን እንቅልፍ ያጣል፣ ምክንያቱም ይሄ እውነት ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ «ለሰባት ዓመት ይሆናል» የሚለው ቁጥር መነሻ እንጂ መልስ አይደለም። የአይኤምዲቢን ገጽ የሚጽፉት ተራ ተመልካቾች ስለሆኑ ለወላጆች ፊልም የሚገመግመውን ኮመን ሴንስ ሚዲያ (Common Sense Media) የሚባል ድረ ገጽም አመሳክሩ፤ እኔ እንዲያውም እሱን አስቀድማለሁ፣ የዕድሜ ግምት ይሰጣል፣ የወላጆችና የልጆችም አስተያየት አለው። እነዚህን ስታነቡ የፊልሙን መጨረሻ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፣ ምንም አይደለም። ትሬለር ላይ ግን አትመኑ። ትሬለር ሊሸጥ የተሠራ ነው፣ የሚያስለቅሰውን ይደብቃል።

ዩቲዩብ ላይ ያሉት የእኛ ፊልሞች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ መረጃ የላቸውም። ራሳችሁ ከማየት ሌላ መንገድ የለም። ፍጥነቱን 1.5 አድርጉና በተለይ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት እዩ። እኔ የምፈልገው መሳሳሙን ብቻ አይደለም። ባል ሚስቱን በጥፊ ሲመታ ሰው እንዲስቅ ተደርጎ ከሆነ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም አካል ጉዳተኛ መቀለጃ ከሆነ፣ ለልጄ አልከፍተውም። ልጅ ማን እንደሚሳቅበት ቶሎ ይማራል።

ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ወይም በፍላሽ ያስጫናችሁት ከሆነ መሃል መሃሉንም ዝለሉና እዩ፤ የቁማር ማስታወቂያ የሚሰነቅሩበት አለ። ኔትፍሊክስ ካላችሁ የልጆች ፕሮፋይል ክፈቱ፣ የራሳችሁን በፒን ቆልፉ።

ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች አብራችሁ ተቀመጡ። ወጡ ይቆይ። ልጁ ጆሮውን ከያዘ፣ ትራስ ፊቱ ላይ ካደረገ ወይም ድንገት ሽንቴ መጣ ካለ ፈርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። «ውሸት እኮ ነው» አትበሉት፣ ፍርሃቱ የእውነት ነው። አጥፉት፣ መብራት አብሩ፣ ምን እንዳየ ይንገራችሁ። ልጄ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከመክፈታችን በፊት «የሚሞት አለ?» ትለኛለች። ካለ አለ እላታለሁ፣ ማየት አለማየቱን እሷ ትመርጣለች።