ባሏን የምትጠብቅ ሁሉ ፔኔሎፒ አይደለችም፦ የድራማ ገጸ ባሕርያትን ከግሪክ አፈ ታሪክ ጋር ማመሳከር

ማታ ተከታታይ ድራማ ያየ ሰው በማግስቱ ፒያሳ ማኪያቶውን እያማሰለ «ሴትዮዋ እኮ ቁርጥ ሜዲያ ናት» ይላል። ለምን ሲባል፣ ቁጡ ናት፤ በግሪክ ተረት ያለችው ሜዲያም ቁጡ ነበረች። በዚህ ዓይነት ግማሹ ሰፈር ሜዲያ ሊሆን ነው። ቁጣ፣ ቅናት፣ ትዕግሥት የማንም ሰው ጠባይ ነው። ገጸ ባሕርይን ከአፈ ታሪክ ጋር የሚያገጥመው የሠራው ሥራና ሥራው የተያያዘበት ቅደም ተከተል ነው።

አንድ ድራማ ብቻ ምረጡ፤ ቢያንስ ስምንት ክፍል የተላለፈ ይሁን። ከዚያ በፊት ጸሐፊው ሰዎቹን እያስተዋወቀ ስለሆነ ማን ከማን እንደተጣላ እንጂ የጠቡ ሥር አይታይም። መጀመሪያ ምንም ሳትጽፉ እዩት። ሁለተኛውን ዙር በዩቲዩብ እያቆማችሁ ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ በማን ላይ፣ በየትኛው ክፍልና ደቂቃ። ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ቅጽል አይግባ። «ክፉ ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙት፤ «የወንድሙን ፊርማ አስመስሎ ፈረመ» በሉ። በሌላ ገጽ ላይ የዘር ሐረጉን ሳሉ። የግሪክ ተረት ከግማሽ በላይ የዘመድ ጣጣ ስለሆነ እናትና እንጀራ እናት፣ አማትና አክስት ከተምታቱባችሁ ቀጥሎ የምትሠሩት ሁሉ ይጣመማል።

ለግሪኩ ወገን ከአጭር ማጠቃለያ አትነሡ፤ ማጠቃለያ የሚጥለው ዝርዝር ነው፣ እናንተ የምትፈልጉትም እሱኑ ነው። ባለቅኔዎቹ ሆሜርና ሄሲዮድ፣ እንዲሁም ሦስቱ የትራጄዲ ጸሐፊዎች፣ ማለትም ኤስኪለስ፣ ሶፎክለስና ዩሪፒደስ፣ ለመነሻ ይበቃሉ። 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ጠይቁ፤ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎችንም አትለፏቸው።

ከዚያ አንዱን ታሪክ ወደ አምስት መጋጠሚያዎች ሰብራችሁ ቁጠሩ። በሆሜር ኦዲሲ ውስጥ ያለችውን የፔኔሎፒን እንውሰድ። አንደኛ፣ ባሏ ኦዲስየስ 10 ዓመት በትሮይ ጦርነት፣ 10 ዓመት በመንገድ፣ በድምሩ 20 ዓመት ቀርቷል። ሁለተኛ፣ እሷን ለማግባት የሚጠይቁ 108 ወንዶች ቤቱ ውስጥ ሰፍረው የባለቤቱን ከብት እያረዱ ይበላሉ። ሦስተኛ፣ ለአማቷ ለላኤርቴስ የመገነዣ ጨርቅ ሠርቼ ሳልጨርስ አላገባም ብላ ቀን የሸመነችውን ሌሊት ትተረትራለች፤ ሦስት ዓመት ካታለለቻቸው በኋላ ያጋለጣት ከገዛ ቤቷ ሴት አገልጋይ ናት። አራተኛ፣ ባልየው ለማኝ መስሎ ሲመጣ አሮጊቷ ሞግዚት እግሩን ስታጥብ በጠባሳው ታውቀዋለች። አምስተኛ፣ ሚስቲቱ በአልጋ ትፈትነዋለች፤ አልጋው ከበቀለ የወይራ ግንድ ስለተሠራ ከቦታው እንደማይነቃነቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

አሁን ካዛንቺስ ውስጥ የሚካሄድ ድራማ እናስብ። ባልየው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል፤ ሚስቱ ታለቅሳለች፣ ትጠብቃለች። እስካሁን የተገኘው አንድ መጋጠሚያ ብቻ ነው፤ እሱም በየቀበሌው ያለ። የባሏ ሸሪኮች በየማታው እየመጡ በሱቁ ሒሳብ ውስኪ መጠጣት ሲጀምሩ ሁለት ሆነ። «የአማቴን ሐውልት ሳላሠራ ባል አላገባም» ብላ፣ ቀን ለድንጋይ ጠራቢው ቀብድ ከፍላ ማታ ደውላ ንድፉን ብታስለውጥ፣ ይህንንም የቤት ሠራተኛዋ ብታወጣባት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐውልቱ ጨርቁን፣ የስልክ ጥሪው መተርተሩን ተክቷል፤ የሟች ክብር የሰርግ ማዘግያ ሆኗል። እንዲህ ያለ እንግዳ ዝርዝር በአጋጣሚ ሁለት ቦታ አይበቅልም። ስለዚህ የምንሠራበት ልክ ይህ ነው፦ ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ ይግጠሙ፣ ከሦስቱም አንዱ እንደ ሽመናው እንግዳ ይሁን። ሦስቱም ተራ ከሆኑ፣ አራት ቢሆኑም አትመኗቸው።

ሒሳቡ ሞላ ብላችሁ ግን ወዲያው አትጻፉ። መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስንና ቁርኣንን ፈትሹ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው፤ ለአገራችን ድራማ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ጸሐፊው ያደገው በሆሜር ሳይሆን በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በመድረሳ ሊሆን ይችላል። ባለትዳር ሴት ወጣቱን ትመኛለች፣ እምቢ ይላል፣ በሐሰት ትከሰዋለች፦ ይህ ፌድራና ሂፖሊተስ ነው ከማለታችን በፊት የዮሴፍና የጲጥፋራ ሚስት ታሪክ አለ፤ በቁርኣንም ዩሱፍ ሙሉ ሱራ አለው። የሚለየው ሦስት ቦታ ላይ ነው። ዮሴፍ የከሳሿ ባል አገልጋይ ነው፤ ሂፖሊተስ ግን የባሏ ልጅ ነው፣ እሷ እንጀራ እናቱ ናት። ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ428 ባቀረበው ተውኔት ፌድራ ክሱን በደብዳቤ ትታ ራሷን ትገድላለች፤ ጲጥፋራ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሦስተኛው፣ ሂፖሊተስን የሚገድለው የአባቱ እርግማን ነው፤ ዮሴፍ ግን ከእስር ወጥቶ ይሾማል። ስለዚህ ድራማው ውስጥ አባትየው ሳያጣራ ልጁን ከረገመና ልጁ በዚያው ከጠፋ ወደ ግሪክ ሂዱ። ልጁ ታስሮ፣ ተፈትቶ፣ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ዮሴፍ ነው፤ አትድከሙ።

በውኃ ላይ የተጣለ ሕፃን ካያችሁም በግሪክ ተረት በሕፃንነቱ ባሕር ላይ የተጣለውን ፔርሴየስን ከመጥራታችሁ በፊት ሙሴን አስቡ። ሴት ልጁን የሚሠዋ አባት ወደ ትሮይ የዘመቱት ግሪኮች አዛዥ አጋሜምኖን ሊሆን ይችላል፤ መሳፍንት 11 ላይ ያለው ዮፍታሔም ሊሆን ይችላል። ዮፍታሔ ማንን እንደሚሠዋ ሳያውቅ ይሳላል፤ አጋሜምኖን ኢፊጌንያን እያወቀ፣ መርከቦቹ ነፋስ እንዲያገኙ ሲል ይሰጣታል። ልዩነቱ በማወቁ ላይ ነው።

በትንቢት እንደተነገረው ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባው የኤዲፐስ ስም ከሁሉ ይበልጥ ያለ ቦታው ይጠራል። ጠፍቶ በሰው ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ኤዲፐስ አይደለም። የሶፎክለስ ታሪክ ቁልፉ ምርመራው ነው፦ ወንጀለኛውን እፈልጋለሁ ብሎ የተነሣው ሰው የሚደርሰው ራሱ ላይ ነው። በተጨማሪ ትንቢቱን ለማምለጥ የተደረገው ሽሽት ራሱ ትንቢቱን ይፈጽመዋል። አንድ የድራማ መርማሪ ፋይል ሲያገላብጥ የአባቱን ገዳይ ቢያገኝ ይህ ተራ የፖሊስ ታሪክ ነው፤ ገዳዩ እሱ ራሱ ሆኖ ሲገኝ እንነጋገራለን።

ካሳንድራም እንዲሁ። እውነት ተናግራ የማትታመን ሴት መሆኗ አይበቃም፤ የትንቢቱን ስጦታም፣ እንዳትታመን የሚያደርገውን እርግማንም የሰጣት አንዱ አፖሎ የተባለው አምላክ ነው። ጋዜጠኛዋን ያሠለጠነው አለቃ ራሱ ስሟን ካጠፋው ገጠመ።

የትኛውን ቅጂ እንደያዛችሁ ጻፉ። ሶፎክለስ ዘንድ ኤዲፐስ ዓይኑን ያወጣል፤ ኦዲሲ ምዕራፍ 11 ላይ ግን ጉዱ ከታወቀ በኋላም እየተሠቃየ በቴብስ መንገሡን ቀጥሏል። ልጆቿን በእጇ የምትገድለው ሜዲያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 የቀረበችው የዩሪፒደስ ናት፤ ልጆቹን የቆሮንቶስ ሰዎች ገደሏቸው የሚል ሌላ ወሬም ነበር። ጀግናው አኪለስ የሚቆስልበት ብቸኛ ቦታ ነው የሚባለው ተረከዙ በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ የለም፤ ከሆሜር ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው። «ሆሜር እንዳለው» ብላችሁ ስለ ተረከዙ ከጻፋችሁ አንባቢ ይይዛችኋል።

የስም አጻጻፍም ያስቸግራል። የሐዋርያት ሥራ 14 ላይ የግሪክ አማልክቱ ዜውስ «ድያ»፣ ሄርሜስ «ሄርሜን» ተብለዋል፤ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻ እሱን ጠብቁ። ቬኑስና ጁፒተር የሮማውያን ስሞች ስለሆኑ ከአፍሮዳይትና ከዜውስ ጋር በአንድ ገጽ አታደባልቋቸው። አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ሲባልም ደስ ብሎን አንሩጥ፤ ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ በደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጥቅሉ ማለታቸው ነበር። ይልቅ የሚያኮራ ነገር ከተፈለገ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸው የዒዛና ድንጋይ አለ፦ በግእዙ የማሕረም ልጅ የተባለው ንጉሥ በግሪክኛው የአሬስ ልጅ ተብሏል። ጸሐፊው ሁለቱን የጦርነት አማልክት ያገናኘው በስም ሳይሆን በሥራቸው ነው፤ እኛ የምንሠራውም ይህንኑ ነው።

ድራማው እየተላለፈ ሳለ የጻፋችሁትን በእርሳስ አድርጉት። ተዋናይ ሥራ ትቶ ገጸ ባሕርዩ በድንገት «ውጭ አገር ሄደ» ከተባለ፣ ያ የአዘጋጁ ችግር እንጂ የአፈ ታሪክ መጋጠሚያ አይደለም፤ ከቁጥሩ አውጡት።

ስትጽፉት መጀመሪያ የገጠሙትን በክፍልና በደቂቃ አስቀምጡ፣ ቀጥሎ ያልገጠመውን። ሁለተኛውን አታሳጥሩት፤ ጸሐፊው የራሱን ሐሳብ ያስገባው እዚያ ነው። የካዛንቺሷ ሴት አንድ ወንድ ልጅ አለቻት እንበል። የፔኔሎፒ ልጅ ቴሌማከስ አባቱን ፍለጋ በመርከብ ይወጣል። ይኸኛው ግን አባቱ ጆሃንስበርግ ሌላ ትዳር እንዳለው በፌስቡክ አይቶ ለእናቱ ሳይነግራት ይቀራል። እሷ አሁንም ለድንጋይ ጠራቢው ትደውላለች።