አዲስ ቤታ ዓሣ በድንገት ለምን ይሞታል? ቀኑን ቁጠሩ

አዲስ የተገዛ ቤታ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሞተ፣ አብዛኛውን ጊዜ የገደለው በሽታ ሳይሆን ውሃው ነው። ስለዚህ «ሲገዛም ደካማ ነበር» ከማለታችሁ በፊት አኳሪየሙ ውስጥ ከገባ ስንት ጊዜ እንደቆየ አስሉ። ክሎሪንና የሙቀት ለውጥ በሰዓታት ይገድላሉ፤ አሞኒያ በቀናት፤ ናይትራይት ደግሞ ዘግየት ብሎ ይመጣል። ጊዜው ከታወቀ ምክንያቱን መለየት ይቀላል፤ ቀጣዩንም ዓሣ ማትረፍ ይቻላል።

በገባበት ቀን ወይም በማግስቱ ከሞተ

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቧንቧ ውሃ ላይ ጀርም ለመግደል የሚጨመረው ክሎሪን ነው። ቤታ ከላይ አየር እየሳበ ስለሚተነፍስ የውሃው ጥራት ብዙም የማይጎዳው የሚመስላቸው አሉ። መተንፈሻ ስንጥቡ ግን ዘወትር ውሃ ውስጥ ነው፤ ክሎሪን የሚያቃጥለውም እሱን ነው። ዓሣው እንደገባ ወዲያና ወዲህ ይወረወራል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ ከዚያ በጎኑ ይተኛል። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ውሃውን ማማሰል፣ ዓሣውን ከዚያ በኋላ ማስገባት ነው። ጠብታው ካልተገኘ ውሃውን አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ሳትከድኑ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆዩት። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ትናንት ማታ ሮቶ ውስጥ ስለገባ ብቻ ክሎሪኑ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ሮቶው የተከደነ ነውና እንደ ቧንቧ ውሃ ቁጠሩት።

ውሃን ማሳደር የሚሠራው ግን ለተራ ክሎሪን ብቻ ነው። ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ በርካታ የአሜሪካ ከተሞች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው የሚገኝ) ነው፤ እሱ ባልዲ ውስጥ በማደር አይወጣም። እዚያ ያላችሁ ያለ ጠብታው አትሞክሩት።

ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ ዓሣ ነው፤ የሚስማማው ውሃ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያለ ሂተር የቆመ ውሃ ከ20 በታች ይወርዳል። በዚህ ሙቀት ዓሣው ወዲያው ባይሞት እንኳ መብላት ያቆማል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይደክማል። ለ20 ሊትር ባለ 50 ዋት ሂተር ይበቃል። የሂተሩን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ቴርሞሜትር ለብቻው ይኑራችሁ። ውሃ ስትቀይሩ ሂተሩን ከሶኬት ንቀሉት፤ ከውሃ ወጥቶ የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በጎንና በጎኑ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ ከላይ አየር የሚገባበት ተዉለት። ሙቅ ውሃ የሞላ፣ በደንብ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብታንሳፍፉበት ሙቀቱን ለሰዓታት ያቆያል። መብራቱ እስኪመጣ ምግብ አትስጡ።

ሦስተኛው አገባቡ ነው። ከሱቅ የተገዛ ዓሣ ቤት ሲደርስ ላስቲኩን ሳትፈቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አኳሪየሙ ላይ አንሳፍፉት፤ የአኳሪየሙ መብራት ይጥፋ። ከዚያ ፈታችሁ በየ5 ደቂቃው አንድ የቡና ስኒ የአኳሪየም ውሃ ጨምሩበት። ላስቲኩ ውስጥ ያለው ውሃ እጥፍ ሲሆን ዓሣውን በመረብ አንሥታችሁ አስገቡ፤ የላስቲኩን ውሃ ድፉት። ዓሣው ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ ላስቲክ ውስጥ ብዙ ሰዓት ታሽጎ ከመጣ ግን ይህን አታድርጉ። በታሸገ ላስቲክ ውስጥ የዓሣው ትንፋሽ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፤ ዝቅ ሲል አሲድነቱ ይጨምራል) ዝቅ ስለሚያደርገው የተጠራቀመው አሞኒያ ጉልበት አይኖረውም። ላስቲኩ ሲፈታ ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ሙቀቱን ብቻ አመሳስላችሁ እንደተፈታ ወዲያው አዛውሩት።

ከ3ኛው እስከ 10ኛው ቀን ከሞተ

አብዛኛው አዲስ ቤታ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ገዳዩም አሞኒያ ነው። ዓሣው በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ ፊልተሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ አኳሪየም ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉትም፤ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ውሃው ጥርት ብሎ እየታየ ዓሣው የሚመረዘው ለዚህ ነው፤ አሞኒያ በዓይን አይታይም።

ምልክቱን ለማየት ጠዋት ምግብ ከመስጠታችሁ በፊት አጠገቡ ቆማችሁ ስንጥቡን ተመልከቱ። የስንጥቡ ክዳን ጠርዝ ቀልቶ ወይም አብጦ፣ ክንፎቹ ተጣብቀው፣ ዓሣው ታች ተኝቶ አየር ለመሳብ ብቻ በጭንቅ ብቅ የሚል ከሆነ አሞኒያ ነው ብላችሁ ተነሡ።

ፒኤች እዚህ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በ25 ዲግሪ ሙቀትና በፒኤች 7 ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ በፒኤች 8 ግን 5 በመቶ ያህል ይደርሳል። ተመሳሳይ አኳሪየም ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ የአንዱ ዓሣ ሞቶ የሌላው የሚተርፈው አንዳንዴ በዚህ የተነሣ ነው።

በጠብታ የሚሠራ የውሃ መመርመሪያ ግዙ። አሞኒያ ዜሮ መሆን አለበት። በሊትር 0.5 ሚሊግራም ከደረሰ ግማሹን ውሃ ወዲያው ቀይሩ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሩቡን። መመርመሪያ ከሌላችሁ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በየሁለት ቀኑ 30 በመቶ ቀይሩ። አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ የጠፋና ሙቀቱ የተመሳሰለ ይሁን።

የዕቃው መጠን ራሱ ገዳይ ሊሆን ይችላል። 2 ሊትር በምትይዝ ክብ ብርጭቆ ውስጥ አሞኒያው በ20 ሊትር ከሚጠራቀምበት በ10 እጥፍ ፈጥኖ አደገኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ጀሪካን ውሃ የሚይዝ አኳሪየም፣ የስፖንጅ ፊልተርና ሂተር ያስፈልጋል። ፊልተሩ ውሃውን በኃይል የሚገፋ ከሆነ ረጅም ክንፍ ያለውን ወንድ ያደክመዋልና አየሩን ቀንሱት።

ብዙዎች ውሃው እንዲነጻ ብለው በየሳምንቱ ሁሉንም ደፍተው፣ ጠጠሩንና ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አጥበው ይመልሳሉ። ድካሙ ለዓሣው ከማሰብ ነው፤ ውጤቱ ግን መራባት የጀመሩትን ባክቴሪያዎች በክሎሪን መግደልና ከዜሮ መጀመር ነው። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ሳሙናና ኦሞ ጨርሶ አይነካው።

ትዕግሥቱ ካላችሁ የተሻለው መንገድ ዓሣውን ከመግዛት በፊት ባክቴሪያውን ማራባት ነው። ፊልተሩንና ሂተሩን አስነሡ፣ ሽቶና ሳሙና ያልተቀላቀለበት አሞኒያ እስከ በሊትር 2 ሚሊግራም ጨምሩ፤ ይህ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ቤቱ ዝግጁ ነው። ጤነኛ አኳሪየም ካለው ሰው የፊልተር ስፖንጅ ቁራጭ ማግኘት ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል።

ከ2ኛው ሳምንት በኋላ

አሞኒያ ሲቀንስ ናይትራይት ይነሣል። ናይትራይት ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ዓሣው አየር እያለ ይታፈናል። ውሃ ከመቀየር ጋር በሊትር 1 ግራም ተራ ጨው በብርጭቆ ውሃ አሟሙታችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይከላከላል።

በሽታም በዚህ ጊዜ ብቅ ይላል። በጨለማ የእጅ ባትሪ በአግድም ስታበሩበት ወርቃማ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ቬልቬት የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ነው። እንደ ጨው ፍሬ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ኢክ የሚባለው በሽታ ነው፤ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 29 ማድረስ ሕክምናውን ያፋጥናል። አፉ ላይ ጥጥ የመሰለ፣ ጀርባው ላይ ኮርቻ የመሰለ ነጭ ከታየ ግን ሙቀት አትጨምሩ፤ ይህ ኮለምናሪስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ በሙቅ ውሃ ይብስበታል፤ በአንድና በሁለት ቀን ይገድላል።

ምግብ ጠዋትና ማታ ከ2 እስከ 3 ፍሬ ብቻ፤ ዳቦና እንጀራ አይሰጥም። ሁለት ወንዶች አንድ ላይ አይቀመጡም። ዓሣው ዘላይ ነውና ክዳን ይኑር፤ በውሃውና በክዳኑ መካከል ግን 3 ሴንቲ ሜትር አየር ይቅር። ክፍሉ ውስጥ ፍሊት አትንፉ፤ ዓሣው የሚስበው ያንኑ አየር ነው።

ዓሣው ከሞተ ውሃውን ከመድፋታችሁ በፊት አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ፒኤችና ሙቀት ለክታችሁ ጻፉ። የበሽታ ምልክት ካልነበረው ፊልተሩን አታጥፉት፤ ባክቴሪያው እንዳይራብ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ ጣሉበት። ሌላ ቤታ የምትገዙት አሞኒያና ናይትራይት ለአንድ ሳምንት ያህል ዜሮ ሆነው ከቆዩ በኋላ ነው።