ከሻማ ቁራጭ የሚሠራ የበዓል ስጦታ

በዓል ደርሶ ኪስ ከሳሳ፣ ቤት ውስጥ የተጠራቀመውን የሻማ ቁራጭ አትጣሉት። አቅልጣችሁ ብርጭቆ ውስጥ ብትገለብጡት አዲስ ሻማ ይሆናል፤ ደህና ስጦታ ይወጣዋል።

ቁራጮቹን ጣሳ ውስጥ ጨምሩ። ጣሳውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡና በቀስታ አቅልጡ። በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥዱት፤ ሰም ከመጠን በላይ ከጋለ ይቀጣጠላል። ድንገት ከተያያዘም ውሃ አይደፋበትም፤ ምድጃውን አጥፍቶ መክደን ነው።

ክሩ የግድ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ይቀልጣል። የቀለጠው ሰም ውስጥ ነከር አድርጋችሁ ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ተዉት። ከዚያ እርሳስ ላይ አስሩትና እርሳሱን በብርጭቆው አፍ ላይ አጋድሙት። ክሩ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምላችኋል። ብርጭቆው ወፈር ያለ ይሁን። ሰሙን ከመገልበጣችሁ በፊትም ለብ አድርጉት፤ አለዚያ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሲቀዘቅዝ መሃሉ ሰርጎድ ይላል። አትደንግጡ፣ ሰም ሲረጋ ስለሚኮማተር ነው። ትንሽ ሰም አስቀርታችሁ ጉድጓዱን ሙሉት። ቀለም መደባለቅ ላይ ግን ቆጠብ በሉ፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲገባ ጭቃ ነው የሚመስለው (ነጭ ብቻውን ያምራል)። በመጨረሻ ክሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት። ለመጠቅለያ የድሮ ጋዜጣ ይበቃል።