ይሄ ጥቅል ጎመን ነው አበባ ጎመን? የጓሮ መለያ ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ክረምት ሱሉልታ ጓሮዬ ውስጥ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ ጎን ለጎን አፈላሁ። ሦስቱም ችግኝ እያሉ ቁርጥ አንድ ናቸው። ስማቸውን እንጨት ላይ ጽፌ ሰክቻለሁ ብዬ ተዝናናሁ። ነሐሴ ላይ ሄጄ ሳይ እንጨቶቹ አሉ፣ ጽሑፉ የለም። ለጎረቤቴ ለእትዬ «ጥቅል ጎመን ነው» ብዬ የሰጠኋቸው 20 ችግኝ አበባ ጎመን ሆኖ አረፈው። እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ «አንተ፣ ጎመኑ መቼ ነው የሚጠቀለለው?» ይሉኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞክሬያለሁ። የእናንተም መለያ ከነዚህ በአንዱ ሳይታመም አይቀርም።

መለያው ደህና ነው፣ ጽሑፉ ጠፋ

ጥፋተኛው ዝናቡ ይመስላል። እስክሪብቶ ከሆነ አዎ፣ ዝናብ ያጥበዋል። ማርከር ከሆነ ግን ፀሐይ ናት። «የማይለቅ» የሚባለው ማርከር ውኃ አይነካው ይሆናል፣ ቀለሙን ግን ፀሐይ ትበላዋለች። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ ጋ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያነጣው ጨረር ይበረታል።

መፍትሄው ያሳፍራል፦ እርሳስ። የልጅ እርሳስ! የእርሳሱ ጥቁር ነገር ካርቦን ስለሆነ ፀሐይ አታነጣውም። 2ቢ የሚባለው ለስላሳው ይሻላል። ልሙጥ ፕላስቲክ ላይ አልይዝ ካለ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጉት።

ከሁሉ የበለጠብኝ ግን የመጠጥ ጣሳ ነው። የለስላሳ ወይም የቢራ የአሉሚኒየም ጣሳ ውሰዱ። ታችና ላዩን በመቀስ ቁረጡና ሆዱን ዘርጉት፤ ከዚያ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቁራጭ ከፋፍሉት። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ዙሪያውን ትንሽ አጠፍ አድርጉት (እኔ አውራ ጣቴን ከቆረጠኝ በኋላ ነው ይሄን የተማርኩት)። ደርባችሁ ያጠፋችሁት ጋዜጣ ላይ አስቀምጡና በብርማው በኩል ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን እያላችሁ ጻፉ። ፊደሉ ጎድጉዶ ይቀራል። የሚለቅ ቀለም የለውማ! ሲቆሽሽ በጣት ጠረግ ማድረግ ነው።

ማግኔት የሚይዘው ጣሳ ግን አይሆንም። እሱ ብረት ነው፣ ይዝጋል። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሞክሬ አንድ ክረምት አልዘለቀልኝም።

መለያው ሲነኩት ይንኮታኮታል

የእርጎ ኩባያ ቆርጣችሁ ነው አይደል? እሱንም ፀሐይ ታደርቀውና እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። ሃይላንድ ደግሞ ስስ ስለሆነ ይጠቀለላል። ፕላስቲክ ካልሆነ ካላችሁ ያረጀ የዘይት ጄሪካን ፈልጉ። ወፈር ያለ ነው፣ ይቆያል። ቤት ከሌለ ቆራሌው ሲያልፍ ጥሩት፣ ለአንዴ እናንተ ግዙት።

እንጨቱ ከሥሩ በሰበሰ

ልብ ብላችሁ እዩት፣ የሚበሰብሰው አየሩና እርጥበቱ የሚገናኙበት ቦታ፣ ልክ አፈሩ አፍ ላይ ነው። የኛ ጥቁር አፈር ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይዞ ይተኛል። የባሕር ዛፍ ስንጥር እዚያ ውስጥ ቶሎ ያልቃል። ጽድ ይሻላል፣ በተፈጥሮው መበስበስንም ምስጥንም ይቋቋማል፤ አናጺ ቤት ቁርጥራጩን ብትጠይቁ አይነፍጓችሁም። ለአጥር እንጨት የሚቀባውን የተቃጠለ ዘይት እዚህ አታምጡ። የምትበሉት ሰላጣ አጠገብ ነው እኮ የምትተክሉት።

ጠዋት ተተክሎ ማታ የለም

ዶሮ ወይም ልጅ። በበጋ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ሲሰነጠቅ መለያው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። እንጨቱን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት። ጣሳውን አናቱ ላይ በሁለት ምስማር ምቱት።

ዛፉ ላይ ያሰርኩት ግንዱን ቆረጠው

ይሄ ከሁሉ የሚያናድደው ነው። ሁለት የፖም ችግኝ አለኝ፣ አንዱ አና፣ አንዱ ዶርሴት ጎልደን። አና ብቻውን ደህና ፍሬ አይሰጥም፣ ዶርሴት ጎልደን አጠገቡ አብቦ ንብ የአበባ ዱቄት ስታመላልስ ነው የሚያፈራው። ስለዚህ አንዱ ቢሞት የትኛውን እንደምተካ ማወቅ አለብኝ ብዬ መለያቸውን በቀጭን ሽቦ ግንዱ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። ግንዱ ወፈረ፣ ሽቦው አልሰፋም፣ ልጣጩ ውስጥ ገባ። ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው በልጣጩ በኩል ነው፤ ዙሪያውን ከታነቀ ዛፉ ቀስ በቀስ ይሞታል። በፒንሳ ቆርጬ ሳወጣው ጠባሳው የጣቴን ግማሽ ያህል ጎድጉዶ ነበር።

አሁን ፕላስቲክ የለበሰ የመብራት ሽቦ ቁራጭ ነው የምጠቀመው፣ ፕላስቲኩን ሳልልጥ። ጎን ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ላላ ያለ ቀለበት አድርጌ አንጠለጥላለሁ። በዓመት አንዴ፣ ብዙ ጊዜ መስቀል ሰሞን፣ ላላ አደርገዋለሁ።

ይነበባል፣ ግን አልገባኝም

«ካሮት 5/9» ይላል የራሴ ጽሑፍ። ግንቦት 5 ነው ወይስ ሴፕቴምበር 5? የዘር ፓኬቱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እኔ በሀበሻ፣ ያን ቀን የትኛውን እንደጻፍኩ ማን ያውቃል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉት፦ «ግንቦት 5»። ከዘሩ ስም ጋር ዝርያውንም ጨምሩ። ቦታ ካነሰ ጣሳውን ገልብጡት፣ ጀርባውም ይጻፍበታል።