ላሚኔት ወለል ሲገዙና ሲያስነጥፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላሚኔት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ ይነሳሉ፦ ዕቃው እንጨት መሆኑን መርሳት። ላዩ ላይ የምናየው የእንጨት ሥዕል የታተመበት ወረቀት ነው። ወረቀቱን ጠንካራና ግልጽ የሆነ የሜላሚን ሽፋን ይጠብቀዋል። ሥሩ ያለው ወፍራሙ ክፍል ግን ኤችዲኤፍ ይባላል፤ የእንጨት ቃጫ ከሙጫ ጋር ተደባልቆ በኃይል ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከታች ያሉትን ስህተቶች ይህን ይዘው ያንብቧቸው።

ውፍረት አይቶ መግዛት

"12 ሚሊሜትር ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል" የሚል ሻጭ ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት። ወፍራም ሰሌዳ ሲረግጡት ድምፁ ይቀንሳል፣ መጋጠሚያውም ጠንከር ይላል። መቧጨርንና መበላትን የሚቋቋመው ግን የላይኛው ሽፋን ነው፤ እሱ የሚለካው ካርቶኑ ላይ በሚጻፈው የኤሲ ቁጥር ነው። ለመኝታ ቤት ኤሲ 3 ይበቃል። ሰው ለሚበዛበት ሳሎንና ለኮሪደር ኤሲ 4 ይሻላል። ኤሲ 5 ለሱቅና ለቢሮ የታሰበ ስለሆነ፣ ለመኝታ ቤት እሱን መግዛት በእኔ እምነት ገንዘብ ማባከን ነው። ኤሲ 3 የሆነ ባለ 12 ሚሊሜትርና ኤሲ 4 የሆነ ባለ 8 ሚሊሜትር ለሳሎን ቢቀርቡልኝ ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

"ውሃ አይነካውም" የሚለውን ጽሑፍ እንዳለ ማመን

ይህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ላዩ ላይ ስለፈሰሰና በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ስለሚጠረግ ውሃ ነው። ከሥር ከኮንክሪቱ ስለሚወጣ እርጥበት አያወራም። የዋስትናውን ወረቀት ያንብቡ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን ሴራሚክ ይሁን።

ልክክ ያለ ካሬ መግዛት

ክፍሉ 20 ካሬ ስለሆነ 20 ካሬ መግዛት ሥራው መሃል ላይ ያስቆማል። ለቁራጭ 10 በመቶ ይጨምሩ፤ ሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ 15 በመቶ። ጎደለ ብለው ከወር በኋላ ሲመለሱ ያው ሞዴል ቢገኝ እንኳ የምርት ዙሩ ከተለየ ቀለሙ ትንሽ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ሲገዙ የሁሉም ካርቶኖች የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን እዚያው ያረጋግጡ።

ከመኪና አውርዶ ወዲያው መንጠፍ

ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ፣ በሚነጠፉበት ክፍል ውስጥ፣ በጀርባቸው ተጋድመው 48 ሰዓት ይቆዩ። ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማቆም ያጎብጣቸዋል።

ወለሉን ሳይፈትሹ መጀመር

ላሚኔት የተበላሸ ወለል አይደብቅም፤ እንዲያውም በድምፅ ያጋልጣል። 2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዘንግ ወይም ረጅም ውሃ ልክ ወለሉ ላይ ያጋድሙና በተለያየ አቅጣጫ ያዙሩት። ከሥሩ ከ3 ሚሊሜትር የበለጠ ክፍተት ካዩ ጉድጓዱ ይሞላ፣ ጉብታው ይፈግፈግ። ሳይስተካከል ከተነጠፈ በተረገጠ ቁጥር ሰሌዳው ይወርዳል ይወጣል፤ መጀመሪያ ይንቋቋል፣ ቆይቶ የመጋጠሚያው ምላስ ይሰበራል።

አንዳንዱ ጉድጓዱን ከላሚኔቱ ሥር በሚነጠፈው ስፖንጅ ለመሸፈን ብሎ ሁለት ንጣፍ ይደርባል። ይህ ከምንም የባሰ ነው። ስፖንጁ በወፈረና በለሰለሰ መጠን ሰሌዳው ይበልጥ ይሰምጣል። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ንጣፍ በቂ ነው።

አዲስ የፈሰሰ ሊሾ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉና ለአንድ ቀን ይተዉት። ሲገልጡት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ገና ነው። ጤዛ ባይኖርም ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ አስተማማኙ የእርጥበት መለኪያ ነው። ደረቅ በሚመስል ኮንክሪት ላይም ቢሆን ከስፖንጁ ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፤ መደራረቢያው 20 ሳንቲሜትር ይሁንና ይታሸግ።

ግድግዳ አስነክቶ መንጠፍ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ጥንቁቅ መስሎ ስለሚታይም ማንም አይጠረጥረውም። ሰሌዳው ግድግዳውን ታክኮ ሲገባ ሥራው ያማረ ይመስላል። አየሩ እርጥበት ያዘለ ጊዜ ግን ወለሉ ይሰፋል፤ መሄጃ ሲያጣ ክፍሉ መሃል ላይ ጉብ ይላል። ሲረግጡት ወርዶ እግር ሲነሳ ብድግ ካለ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው። ገና ከሆነ መዳኛ አለው፦ ዞኮሎው ይነቀል፣ የተጣበቀው ቦታ ይፈለግ፣ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይቆረጥለት፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይተኛል።

ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት በግድግዳው ዙሪያ ሁሉ፣ በበር መቃን፣ በአምድና በቧንቧ ዙሪያም ይተው። ክፍተቱን ለመጠበቅ ሲነጠፍ የገቡት ሽብልቆች መጨረሻ ላይ ይውጡ። ክፍተቱን በሲሚንቶ ወይም በጂፕሰም መሙላት ሥራውን መልሶ ማፍረስ ነው። ዞኮሎው የሚመታው ግድግዳው ላይ እንጂ ወለሉ ላይ አይደለም። የበር ማቆሚያ ወለሉ ላይ በቪስ ማሰርም ሆነ ከባድ የኩሽና ካቢኔት ላሚኔቱ ላይ መትከል ያው ነው፤ ወለሉን በአንድ ቦታ ቸንክሮ ሌላውን እንዲነቀነቅ ይተዋል። ካቢኔቱ በቅድሚያ ይተከል፣ ላሚኔቱ እስከ እሱ ይምጣ። ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍም በሩ ሥር በመሸጋገሪያ ዘንግ ይለያይ።

የመጨረሻውን ረድፍ አለማስላት

የክፍሉ ስፋት 3.28 ሜትር፣ የሰሌዳው 19 ሳንቲሜትር ነው እንበል። የሁለቱ ወገን ክፍተት ሲቀነስ 326 ሳንቲሜትር ይቀራል። 17 ሙሉ ረድፍ 323 ይወስዳል፤ ለመጨረሻው የሚተርፈው 3 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ይህ ቅጥልጥል መግጠሙም ያስቸግራል፣ ለዓይንም ያስጠላል። ሦስቱን ከ19ኙ ጋር ደምረው ለሁለት ይክፈሉት፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ረድፍ 11 ሳንቲሜትር ይሆናል። የሰሌዳዎቹ ጫፍ መጋጠሚያም ከረድፍ ረድፍ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ። በመዶሻ ጠርዙን በቀጥታ መምታት ምላሱን ይሰብራል፤ መሃል ላይ መምቻ እንጨት ይግባ።

በሚንጠባጠብ መወልወያ ማጽዳት

በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። የእንፋሎት ማጽጃ መጋጠሚያው ውስጥ እርጥበት ያስገባል፣ ሰም ደግሞ ላዩ ላይ ተጣብቆ ጉድፍ ይይዛል። ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ጠርዝ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ያለው መፍትሔ ሰሌዳውን መቀየር ነው። ከሥራው የተረፉትን ሰሌዳዎች አይጣሉ፤ አልጋ ሥር አጋድመው ያስቀምጧቸው።