የሰርቨር አድራሻና ፖርት በሲ ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ፣ እዚህ ጅማ ከሚገኙ የቡና መጋዘኖች በአንዱ፣ የሚዛን ንባብ ወደ ሰርቨር የምትልክ ትንሽ ፕሮግራም ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ ጫንኩ። ኅዳር የለቀማ ወቅት ነው። ከአጋሮና ከሊሙ የመጣ ጭነት ደጅ ላይ ተሰልፎ ሳለ ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው ክብደት ቀጥ አለ። ኬብል ቀየርን፣ ራውተር አጥፍተን አበራን፤ ሁለት ቀን ሄደ። ጥፋቱ የተገኘው የፕሮግራሙ ማስተካከያ በሚጻፍበት ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ነው፦ 8080 ሊባል የታሰበው ፖርት (ሰርቨሩ ላይ የሚንኳኳው በር ቁጥር) 80800 ተብሎ ተጽፏል። ፕሮግራሜ ምንም ሳይል ተቀብሎት 15264 የሚባል ፖርት ሲያንኳኳ ሰንብቷል።

ፖርት በ16 ቢት ስለሚቀመጥ ከ65535 በላይ አይይዝም። 80800 ሲገባበት 65536 ተቀንሶ ቀሪው ይቀመጣል። የተሳሳተ አድራሻ አይቶ «አልገባኝም» ብሎ የሚቆም ፕሮግራም በ5 ደቂቃ ይስተካከላል። ተቀብሎ ሌላ ቦታ የሚሄደው ነው ሰው የሚያንገላታው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ፖርትን ጽሑፍን ወደ ቁጥር በሚቀይረው በ«ኤቱአይ» (atoi) ማንበብ ነው። ይህ ፋንክሽን ስህተትን የሚናገርበት መንገድ የለውም። «80ሀለ» ብትሰጡት 80 ይላል፤ ባዶ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ብትሰጡት 0 ይላል፤ ከኢንት (የሲ ተራ ሙሉ ቁጥር) አቅም በላይ የሆነ ቁጥር ከመጣ ደግሞ ምን እንደሚሆን የሲ ስታንዳርድ ራሱ ዋስትና አይሰጥም። በምትኩ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን «ስትርቶል»ን (strtol) ተጠቀሙ፤ ግን እሱንም በግማሽ መጠቀም ያው ነው። ከመጥራታችሁ በፊት የስህተት ቁጥር የሚቀመጥበትን «ኤርኖ»ን (errno) 0 አድርጉ። ከተመለሰ በኋላ «ኤርኖ» 0 እንደሆነ መቆየቱን፣ ንባቡ የቆመበትን ቦታ የሚያሳየው ፖይንተር ስትሪንጉ መጨረሻ ላይ መድረሱን፣ ቁጥሩም ከ1 እስከ 65535 መሆኑን እዩ። ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ ነው ወደ 16 ቢት የምትቀይሩት፤ እኔ ቀድሜ ቀይሬ ነበር።

«ስትርቶል» ከፊት ያለ ክፍት ቦታን ዘሎ ያልፋል፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክትም ይቀበላል። ምልክት የሌለውን ወንድሙን «ስትርቶዩኤል»ን (strtoul) የመረጠ ሰው «-1» አይገባም ብሎ ያስባል፤ ይገባል እንጂ፣ እጅግ ትልቅ ቁጥር ሆኖ ይመለስና ወደ 16 ቢት ሲቆረጥ 65535 ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፊደል አኃዝ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ። ቤዙንም (ቁጥሩ በስንት ቤት እንደሚቆጠር) 10 ብላችሁ ስጡ፤ 0 ከሰጣችሁት «0100» በስምንት ቤት ተቆጥሮ 64 ይሆናል። ፖርት 0ስ? ሰርቨር ሲከፈት «ክፍት የሆነውን አንተ ምረጥልኝ» ማለት ስለሆነ እዚያ ትርጉም አለው። ለሚገናኝ ደንበኛ ግን ከልክሉት።

አንድ ነገር እዚህ ልጨምር። ቼኩን ሲያጠብቁ ትክክለኛ ፋይል መጣል ይመጣል። በዊንዶውስ ኖትፓድ የተጻፈ መስመር መጨረሻው ላይ የማይታይ የመመለሻ ምልክት ይዞ ሊመጣ ይችላል። መስመሩን መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር አጽዱ፣ ከዚያ መርምሩ።

ሁለተኛው አድራሻና ፖርትን መጀመሪያ በተገኘው ሁለት ነጥብ መክፈል ነው። «192.168.1.5:8080» ላይ ይሠራል። አይፒቪ6 (አዲሱ፣ ረጅሙ የአድራሻ ዓይነት) ሲመጣ ግን አድራሻው ራሱ በሁለት ነጥብ የተሞላ ነው። «ከኋላ ያለውን ሁለት ነጥብ እወስዳለሁ» ማለትም አያድንም፤ «::1:80» ብቻውን ሙሉ አድራሻ ነው፣ ወይስ «::1» ላይ ፖርት 80 ነው? ስትሪንጉን በማየት ብቻ አይታወቅም። ለዚህ ነው አይፒቪ6 ከፖርት ጋር ሲጻፍ «[::1]:8080» ተብሎ በቅንፍ የሚታጠረው። እኔ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው፦ መጀመሪያው ክፍት ቅንፍ ከሆነ መዝጊያውን እፈልጋለሁ፤ ከመዝጊያው ቀጥሎ ወይ ሁለት ነጥብ ወይ መጨረሻ ካልሆነ እጥላለሁ። ቅንፍ ከሌለ ሁለት ነጥቦቹን እቆጥራለሁ። አንድ ከሆነ ከሱ ወዲያ ያለው ፖርት ነው፤ ከአንድ ከበለጠ ፖርት የሌለው አይፒቪ6 ነው።

የእኛው የሆነ ጣጣም አለ። እዚያው መጋዘን፣ በሌላ ጊዜ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ሰርቨር አላገኝ አለ። ፋይሉን ያስተካከሉት አዛውንቱ መጋዘን ጠባቂ ናቸው። «ጋሼ፣ ሁለት ነጥቧ ቀርታ ይሆን?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሁለት ነጥቡንማ አድርጌዋለሁ፤ ይኸው» ብለው አሳዩኝ። አድርገዋል። ኪቦርዱ ግን አማርኛ ላይ ስለነበር የገባው የግዕዙ ሁለት ነጥብ «፡» ነው። ለዓይን አይለይም፤ ለማሽኑ ግን ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፦ 225፣ 141፣ 161። ኮዱ «:» ሲፈልግ አጣ፣ ሁሉንም የሆስት (የሰርቨሩ) ስም አድርጎ ወሰደ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ አማርኛ በሚጻፍበት አገር የሚሠራ ፕሮግራም ይህን መጠበቅ አለበት። ምልክቱን አይቶ «መስመር 3 ላይ የግዕዝ ሁለት ነጥብ አለ፣ በእንግሊዝኛው ይተኩ» ማለት አራት መስመር ኮድ አይፈጅም። እኔ መልእክቱን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አድርጌዋለሁ፤ ፋይሉን የሚከፍቱት ሰዎች የሚያነቡት እነዚህን ነው። እግረ መንገድ፦ «ቻር» የሚባለው የሲ የፊደል ዓይነት የመቀነስ ምልክት በሚይዝበት ማሽን ላይ ከ127 በላይ የሆነ ባይት ኔጌቲቭ ይሆናልና፣ አኃዝ መሆኑን የሚያየውን «ኢዝ ዲጂት»ን (isdigit) ከመጥራታችሁ በፊት ምልክት ወደሌለው «አንሳይንድ ቻር» ለውጡት።

ሦስተኛው የአድራሻን ጽሑፍ ወደ ቁጥር የሚቀይረው «አይኔት አድር» (inet_addr) የሚባለው አሮጌ ፋንክሽን ነው። ቁጥሮቹ እንዲስተካከሉለት ብሎ «192.168.010.015» የጻፈ ሰው 192.168.8.13 ይደርሳል፤ ከፊት ዜሮ ያለው በስምንት ቤት ስለሚነበብ። ሲሳሳት የሚመልሰውም ዋጋ 255.255.255.255 ከሚባለው ትክክለኛ አድራሻ ጋር አንድ ነው። «አይኔት ፒቶን» (inet_pton) ይሻላል፣ በሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለውን ዜሮ አይቀበልም። መልሱ ግን ሦስት ዓይነት ነው፦ 1 ተሳካ፣ 0 ጽሑፉ አድራሻ አይደለም፣ -1 የአድራሻ ቤተሰቡ (ዓይነቱ) አይታወቅም። ብዙ ኮድ «ከ0 ካነሰ ስህተት» ብቻ ይላል፤ የተበላሸው ጽሑፍ በ0 በኩል ሾልኮ ያልፋል።

የፖርቱን ባይቶች ወደ ኔትወርክ ቅደም ተከተል የሚያመጣውን «ኤች ቶንስ»ን (htons) መርሳት የታወቀ ነው፦ በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ 8080 ወደ 36895 ይገለበጣል። ከጽሑፍ ውስጥ በሚያነበው በ«ኤስ ስካን ኤፍ» (sscanf) ስፋት ሳይወስኑ ማንበብ ደግሞ የተመደበውን የማስታወሻ ቦታ (በፈሩን) ያስጥሳል። የሆስት ስም እስከ 253 ፊደል ሊደርስ ይችላል።

የሆስት ስምን በራስ ሕግ «ትክክል ነው አይደለም» እያሉ መድከምም አያስፈልግም። ስምን ወደ አድራሻ ለሚፈታው ለ«ጌት አድር ኢንፎ» (getaddrinfo) ስጡት። የሚመልሰው ዝርዝር ነው፤ የመጀመሪያው አልገናኝ ካለ ቀጣዩን ሞክሩ፣ ሲያበቃ ዝርዝሩን በ«ፍሪ አድር ኢንፎ» (freeaddrinfo) ልቀቁ። ስህተቱ ራሱ በሚመልሰው ቁጥር ነው የሚነገረው፣ በ«ኤርኖ» አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ትልቅ ዋጋ ያለው፦ «ስሙ አይታወቅም» እና «ለጊዜው አልተቻለም» ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ሁለቱን በአንድ «አድራሻው ተሳስቷል» ካጠቃለላችሁ፣ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሰው ደህናውን ኮንፊግ ከፍቶ ያበላሻል። ለሁለተኛው ጥቂት ጠብቆ እንደገና መሞከር ነው።

አሁን ፕሮግራሙ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት እነዚህን አቀምሰዋለሁ፦ ባዶ መስመር፣ «:80»፣ «-1»፣ «80800»፣ «[::1»፣ «[::1]80»፣ «192.168.010.015»፣ እና በአማርኛ ኪቦርድ የተጻፈው «192.168.1.5፡8080»። አንዳቸውንም ዝም ብሎ ከዋጠ መጋዘኑ አይደርስም።